የቁርጥራጮች ዲስክ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነበር። ለቀረው ሰው ሁሉ ሽቦ ነው። ቀጭንና ረዥም ስለሆነ ይሁን፣ ኪሱ ከሽቦ ቁራጭ ተለይቶ ስለማያውቅ ይሁን፣ ስሙን ያወጣለት ሰው ራሱ ዛሬ ቢጠየቅ አንዱን መርጦ መናገር ይቸግረዋል። ስም አውጪው የዓይነ ስውራን የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ብርሃን አይቶ ስለማያውቅ የሽቦን ቅጥነት የተረዳው በመጀመሪያው ቀን ሲጨብጠው ነበር። «ይሄ እጅ ነው ወይስ ሽቦ?» አለ፤ በዚያው ቀረ።

ሽቦ ወደዚያ ቤት የገባው የተበላሸ የቴፕ መቅጃ ሊጠግን ነው። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብሎ የገባ ሰው ጠጉሩ እስኪሸብት ሳይወጣ ቀረ። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው በአንድ አሮጌ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በኮሪደሩ ግራ ካሴቶቹ የሚደረደሩበት ክፍል፣ በቀኙ ደግሞ ግድግዳው በወፍራም ምንጣፍ የተለበጠ ጠባብ መቅጃ ክፍል አለ። በመቅጃ ክፍሉና በሽቦ ጠረጴዛ መካከል ድርብ መስታወት ቆሟል። አንባቢዎቹ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጠው መጽሐፍ ያነባሉ፤ ሽቦ ከወዲህ ተቀምጦ ይቀዳል። የቀዳውንም ያጸዳል።

ማጽዳት ማለት መቁረጥ ነው። አንባቢም ሰው ነውና ያስላል፣ ያነጥሳል፣ መስመር ይዘላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ «ይቅርታ፣ ከላይ ልድገመው» ይላል። ይህ ሁሉ አድማጭ ጆሮ መድረስ የለበትም። ሽቦ ቴፑን በምላጭ ይቆርጥና ንጹሑን ከንጹሑ ጋር ያጣብቃል። እጁ ሥራውን ከመልመዱ የተነሣ አንባቢው አየር የሳበበትን ቦታ ሳይቀር ለይቶ ያወጣው ነበር። ኃላፊው በዚህ ይኮራል። «የእኛን መጻሕፍት ሰው ያነበባቸው አይመስሉም» ይላል እንግዳ በመጣ ቁጥር። «መጽሐፉ ራሱ አፍ አውጥቶ የሚናገር ነው የሚመስለው።» ሽቦ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ምስጋናው ኋላ እንደሚመርረው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ሚስቱን ያገኛትም በዚያው መስታወት ነው። በሌላ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና የምትሠራ፣ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች በነጻ የምታነብ ልጅ ነበረች። ስታነብ ድምፅዋ ወፈር ያለና የረጋ ነው፤ ከባድ ዕቃ ቀስ አድርጎ መሬት የሚያስቀምጥ ሰው ይመስላል። ስትስቅ ግን ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ የገባ ይመስላል። መሳቅም ይቀናታል። አንድ ጊዜ ስለ ምግብ መፈጨት ስታነብ ሆዷ ጮኸና ገጹን መጨረስ አቅቷት ወንበሩ ላይ ተንከባለለች። ሽቦ የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ ከመስታወቱ ወዲህ ብቻውን ሲስቅ ያየ ባልደረባ፣ «እናንተ ሰዎች አንድ ቀን መስታወቱን ሰብራችሁ ትጋባላችሁ» አለ። መስታወቱ ሳይሰበር ተጋቡ።

የሌሎቹን አንባቢዎች ቁራጭ ሽቦ ቅርጫት ውስጥ ይጥል ነበር። የእሷን ግን መጣል አልሆነለትም። እያንዳንዷን ቁራጭ ጠረጴዛው ዳር ባለች ምስማር ላይ ያንጠለጥልና በሳምንቱ መጨረሻ አንዱን ካንዱ አያይዞ ይጠቀልላል። ከተጋቡ በኋላ ደረሰችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሀብት ያጠራቅማል፤ አንተ የእኔን ጥራጊ ታጠራቅማለህ?»

«ጥራጊ አይደለም።»

«እና ምንድን ነው?»

ምስማሯ ላይ የተንጠለጠለውን ቁራጭ በጣቱ ነካ አደረገ። «ያው አንቺ ነሽ» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ጥራጊ ነሽ በለኝ በግልጽ!» አለችና ስትስቅ ያች ሳቅ ያለመቅጃ አለፈች። ያን ጊዜ ግን ሳቅ በሽ በሽ ነበር፤ ያመለጠ አይቆጭም።

ከዚያ የዲስክ ዘመን መጣ። አንድ ለጋሽ ድርጅት ኮምፒውተር፣ እንዲሁም ዲስክ ላይ የሚጽፍ፣ ከዲስክም የሚያነብ ድራይቭ ግዙ ብሎ ፈቀደና ሁለት ሻጮች ዕቃቸውን ይዘው መጡ።

የመጀመሪያው የደከመ ሰው ነው፤ የሸሚዙ ኪስ ላይ የብዕር ቀለም ፈሶበታል። የእሱ ድራይቭ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ሰፊና ጠፍጣፋ በሆነ ገመድ ነበር። «ገመዱ የእኛ አይደለም» አለ። «የማንም አይደለም። ገበያ ላይ የሚናቆሩት ኩባንያዎች ቁጭ ብለው፣ ቀዳዳው እንዲህ ይሁን፣ ሽቦው በዚህ ተራ ይሰለፍ ብለው የተስማሙበት ነው። የስምምነቱን ጽሑፍ የፈለገ ሁሉ ያነበዋል፣ የቻለ ሁሉ ይሠራበታል። ነገ እኛ ብንዘጋ የሌላውን ገዝታችሁ በዚሁ ትሰኩታላችሁ።» ሽቦ ስለ ራሱ መዘጋት እያወራ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አጋጥሞት አያውቅም፤ ደስ አላለውም።

የሁለተኛው ድራይቭ የሚሠራው ኩባንያው ራሱ ባመረተው ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ከእሱ የሚወጣው ገመድ ክብ፣ ወፍራም፣ መሰኪያው በአንድ ጎኑ ከንፈር ያለው ነው። ከንፈሩ ከጎድጓዳው ጋር ካልገጠመ አይገባም፤ ሲገባ ደግሞ ቀጭ ይላል። «የእኛን ሌላ ሰው አይነካካውም» አለ ሻጩ፣ ልጁን እንደሚያሞግስ አባት። «ካርዱም የእኛ፣ ገመዱም የእኛ፣ ዲስኩም የእኛ።»

ኃላፊው ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አስቀርቦ በጣቶቹ ዳበሳቸው። ጠፍጣፋው ገመድ ላይ ቆየ።

«ይሄ ተገልብጦም ይገባል?»

«ይገባል፤ ግን ትክክለኛው ጎን ይታወቃል። ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር አለ» አለ የደከመው ሻጭ።

«እሺ፤ ቀዩን አሳየኝ።»

ሻጩ የኃላፊውን ጣት ይዞ መስመሩ ላይ አስኬደው። ያደረገው ነገር ሲገባው ጣቱን ለቀቀ፤ ፊቱም ፍም መሰለ።

ከሽቦ በቀር የቤቱ ሠራተኞች አብዛኞቹ ማየት የማይችሉ ናቸው። ጠዋት ከእሱ ቀድመው ይገባሉ፤ ዕቃውን ራሳቸው ቢሰኩ ይወዳሉ። አንድ ራዲዮ ለመሰካት ሰው መጥራት ምን ያህል እንደሚከብዳቸው ሽቦ አይቷል። ኃላፊው ባለከንፈሩን መሰኪያ አንሥቶ በአንድ እጁ ሰካው፤ ቀጭ አለ። ነቀለውና ደግሞ ሰካው። እንደ ልጅ ደስ ብሎታል።

«ይሄኛው እጅ ያውቃል» አለ። «አንተ ሽቦ፣ ምን ትላለህ?»

ሽቦን አንድ ነገር ሽው ብሎት ነበር፤ ካርዱ ቢበላሽስ ከየት ይመጣል? ነገር ግን የኃላፊውን ጣቶች አየ። «ይሄው ይሁን፣ ጋሼ» አለ።

ዲስኩ አያረጅም ተብሎ ነበር፤ አላረጀምም። ሽቦ መጻሕፍቱን ሁሉ ከቴፕ ወደ ዲስክ ገለበጠ። በመጨረሻ የሚስቱን ቁርጥራጮች በአንድ ዲስክ ላይ አሰፈራቸው። ካሴቶቹ ሻጋታ ጀምሯቸው ስለነበር በጋሪ ተጭነው ሲወጡ የእሷም ጥቅልሎች አብረው ወጡ። ዓመቶቹ ደህና አለፉ። ሠራተኞቹ ጠዋት ይገባሉ፣ መሰኪያው ቀጭ ይላል፣ መጽሐፉ ይናገራል። የጎረቤት መሥሪያ ቤቶች በጠፍጣፋው ገመድ የሚሠራ ዕቃቸው ሲሰበር ሌላ ገዝተው ሲቀጥሉ፣ ሽቦ የእነሱ ዕቃ አለመሰበሩን እንደ ጥንካሬ ቆጠረው። ድራይቩን የሠራው ኩባንያ ለሌላ ኩባንያ መሸጡን፣ የገዛውም ክፍሉን መዝጋቱን የሰማው ከቆየ በኋላ ነው። እየሠራ ያለን ነገር ማን ይነካል? ማንም አልነካውም።

ሚስቱን ጉሮሮዋን አመማት። ሐኪሞቹ ሕይወቷን ለማትረፍ ድምፅዋን ከነሥሩ አወጡት። አንገቷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ትተነፍሳለች፤ እሱንም በስስ ሻሽ ትሸፍነዋለች። ሽቦ ከንፈሯን ማንበብ ለመደ። ኃላፊው ግን ከንፈር አያይም። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ አንድ ቀን ልትጠይቀው መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ማነው?» አለ ኃላፊው።

ዝም።

«ማነው እኮ? የሰው ኮቴ ሰምቻለሁ!»

ገብታ እጁን ያዘች። እጇን ከነጣቶቿ ዳበሰው፤ አላወቀውም። ለስንት ዘመን የሚያውቃት በድምፅዋ ብቻ ነበርና ሴትዮዋ ፊቱ ቆማ እያለች ለእሱ የለችም። ሽቦ ከኋላ ደርሶ፣ «እሷ ናት፣ ጋሼ» እስኪለው ድረስ እጇን እንደ ባዕድ ዕቃ ይዞ ቆየ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ቤት አልረገጠችም። ሽቦንም፣ «ድምፄን ቤቴ እንዳታመጣብኝ፤ ሙት እንደሚያስነሣ ሰው አትሁን» አለችው በከንፈሯ። አላመጣም።

በዚህ ዓመት ግን ሐሳቧን ለወጠች። ሰሃን እያጠበች ድንገት ዞር አለችና፣ «ያን ጥራጊህን አምጣው» አለችው።

«የምርሽን ነው?»

«ንባቡን አይደለም። ስስቅ ራሴን ልስማ።»

በማግስቱ ወደ ሥራው የገባው እየሮጠ ነው ቢባል ይሻላል። ድራይቩ ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ሕመም ጀምሮት ነበር፤ ይነሣል፣ ይንተባተባል፣ ይጠፋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ይዛ የመጣችው ባለሙያ አሮጌውን ፈታ ካርዱን በመብራት ሥር አገላብጣ መረመረችው። ወጣት ናት፤ ችኮላ የለባትም።

«ድራይቩ ጤነኛ ነው፣ ጋሼ» አለች። «የሚሞተው ካርዱ ነው። ላዩ ላይ ያበጡትን ትንንሽ ክፍሎች ቀይሬያቸዋለሁ፤ ዋናው ቺፕ ግን ሲሞቅ ይስታል፤ እሱን የሚተካ የለኝም።»

«አዲሶቹ ላይ ብንሰካውስ?»

«የካርዱ ቦታ ራሱ የላቸውም። ጠፍጣፋው ዓይነት ገመድ ቢሆን መለወጫ ፈልጌ አገናኘው ነበር፤ ዛሬም ይሸጣል። የዚህ ካርድና ድራይቭ ቋንቋ ግን የተጻፈው ኩባንያው ቤት ውስጥ ነው።»

«ኩባንያው ደግሞ የለም።»

«ኩባንያው የለም» አለች። ከዚያ ለስለስ ብላ፣ «ጥቂት ዲስክ ያነብልናል፤ ስንት እንደሆነ አላውቅም። የምትሳሱለትን አስቀድሙ» አለችው።

አብዛኞቹ መጻሕፍት ጊዜ አልፎባቸዋል፤ ሌሎቹንም ሌላ ሰው ደግሞ አንብቧቸዋል። ያልተተካ አንድ ነበር፤ ሚስቱ ያነበበችው፣ ሁለት ዲስክ የሞላው የሕግ ማብራሪያ። ማየት የተሳናቸው የሕግ ተማሪዎች ፈተና ደርሶባቸው ኮሪደሩ ላይ እየመጡ የሚጠይቁት እሱን ነው። ኃላፊው ዱላውን እያንኳኳ መጥቶ ጠረጴዛው ጎን ቆመ።

«የሕጉ ልጆች ደጅ ጠኑኝ» አለ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ያንተስ ዲስክ?»

«የቱ ዲስክ?»

«ተው እንጂ! ዕውር እንጂ ደንቆሮ ነኝ እንዴ? ያን ሁሉ ዘመን ስትቆርጥ እሰማህ ነበር። የምትጥለው ቅርጫት ውስጥ ኮሽ ይላል፤ የእሷ ኮሽ ብሎ አያውቅም።»

ሽቦ እጁን የቁርጥራጮቹ ዲስክ ሽፋን ላይ አሳረፈ።

«እኔ ኃላፊ ነኝ» አለ ሽማግሌው። «ከጠየቅኸኝ የሕጉን አስቀድም ነው የምልህ፤ ሌላ ማለት አልችልም። ስለዚህ አትጠይቀኝ። እዚህም አልነበርኩም።» ዱላውን አንሥቶ ወጣ። ከበሩ ወዲያ ግን አልራቀም፤ የዱላው ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

ሽቦ የቁርጥራጮቹን ዲስክ ከሽፋኑ አወጣው። ድራይቩ አፍ ድረስ አደረሰው። መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና የሕጉን የመጀመሪያ ዲስክ አስገባ። ልጆቹ እየጠበቁ ነው አለ ለራሱ። የሕጉም ድምፅ የእሷው ድምፅ ነው አለ ደግሞ። ከሁለቱ ምክንያቶች እውነተኛው የትኛው እንደሆነ፣ ወይስ ዘመኑን ሙሉ ንጹሑን አስቀድሞ ቁራጩን ለኋላ ማለት የለመደ እጁ ብቻ ይሆን ያዘዘው፣ ኋላም ቢሆን ለይቶ አላወቀም።

የመጀመሪያው ዲስክ ተገለበጠ። ሁለተኛው መሐል ላይ ሁለቴ ተንተባተበ፣ ቢሆንም ተጠናቀቀ። ባለሙያዋ ካርዱን በማራገቢያ አቀዘቀዘችው። አጥፍተው አሳረፉት፣ መልሰው አስነሡት። ሽቦ ሦስተኛውን፣ የቁርጥራጮቹን ዲስክ አስገባ። ድራይቩ ዲስኩን ተቀበለ፤ ሲሽከረከር ተሰማ። ኮምፒውተሩ ግን ምንም ድራይቭ አልተሰካብኝም ብሎ ጻፈ። ነቅለው ሰኩት፤ ቀጭ አለ። ኮምፒውተሩ ያንኑ ደገመ። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ያንኑ ደገመ። ዲስኩ ውስጡ ይዞራል፤ ጭረት የለበት፣ አቧራ የለበት፣ የሚጠይቀው ግን አጣ።

አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚቸረቸርበትን ሰፈር ሱቅ በሱቅ አሰሰው። አንድ ባለሱቅ ከመደርደሪያ ሥር ያው የኩባንያው ምልክት ያለበት ድራይቭ ጎትቶ ከነካርዱ ሲያወጣለት ሽቦ ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ። ሁለቱንም ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በረረ። የአሮጌው ድራይቭ መሰኪያ ካርዱ ላይ አልገባም፤ ኩባንያው በኋላ ሞዴሉን ሲለውጥ ከንፈሩን ወደ ሌላው ጎን አዙሮታል። ባለሙያዋ ከንፈሩን ሞርዳ ብታስገባውም ካርዱ አሮጌውን ድራይቭ አላወቀውም፤ የራሱ ድራይቭም አሮጌውን ዲስክ መልሶ ተፋው። ዕቃውን ሲመልስ ባለሱቁ ራሱን ነቀነቀ።

«ወይ ጋሼ፣ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ሳይተዋወቁ ቀሩ? ከዚህ ክምር ውሰድ ብዬህ ነበር፤ እነዚህ ከማንም ይስማማሉ።» በእጁ የጠቆመው ጣሪያ ሊነካ የደረሰውን የተራ ድራይቮች ክምር ነው፤ ባለጠፍጣፋ ገመዶቹን። በሕይወት ያሉት እነሱ ነበሩ።

ሽቦ ወደ ቤቱ የሕጉን ንባብ በትንሽ ማጫወቻ ይዞ ገባ። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ልብስ ትተኩሳለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አጫወተው። ወፍራሙና የረጋው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ካውያዋን አቁማ አዳመጠች፤ አንድ አንቀጽ፣ ሌላ አንቀጽ። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ይቺ ማናት?» አለች በከንፈሯ።

«አንቺ ነሽ እንጂ።»

«እኔ አይደለሁም። አትተነፍስም እኮ።»

ደግሞ አዳመጠች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ ዘጋችው። «ሌላውስ?» አለች።

ነገራት። ከንፈሯን አይቶ መመለስ እንዳይኖርበት ዓይኑን ካውያው ላይ ተክሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት፤ ማንን እንዳስቀደመም ጭምር። ሲጨርስ ቀና አለ። አልተቆጣችም። እሱ ግን ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ምን ምን ነበረበት?» አለች።

ይሄንን ያውቃል። እያንዳንዱን ቁራጭ የቆረጠው እሱ ነው። ስለ ዝንቧ ነገራት፤ የውርስን ምዕራፍ ስታነብ መቅጃ ክፍሉ ገብታ አላስቀምጥ ስላለቻት ዝንብ። «ሟቹ ሳይናዘዝ የሞተ እንደሆነ... እሽ! ንብረቱ ለልጆቹ... እሽ አንቺ!... ወራሽ ነኝ ብላ ነው መሰለኝ የመጣችው» እንዳለች፣ ከዚያ ሳቅ አፍኗት ወረቀቱን ፊቷ ላይ እንደደፋች ነገራት። የሚስቱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሻሹ ከፍ ዝቅ አለ። ከአንገቷ ከሚወጣው አየር በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

«እንዴት ብዬ ሳቅሁ?» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ሽቦ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳቋን ሊያስመስል ሞከረ። የወጣው የራሱ ሳቅ ነው፣ የሽማግሌ ሳቅ። ደገመው፤ አሁን ደግሞ ማንም የማያውቀው ሰው ሳቅ ሆነ። ቃላቱን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳል፤ ድምፁ ግን እጁ ላይ የለም።

«እንደዚያ አይደለም» አለች ራሷን እየነቀነቀች።

«እንዴት ነበር ታዲያ?»

ልታሳየው አፏን ከፈተች። አንድ አፍታ እንዲሁ ከፍታው ቆየች። ቀስ ብላ ገጠመችውና የቀረውን ሸሚዝ መተኮስ ቀጠለች። እሷም አላስታወሰችውም።